ፀጉር ያልተተከለላት አሻንጉሊት

ታላቅ እህቴን ገነትን ሞታለች ብላ ያስለቀሰችብን የአባቴ እህት ዘውዲቱ ናት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የወጣቶቹ ግድያ ረገብ ካለ በኋላ፣ እኔ አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት። ቦታው ደባርቅ። ስሟን የምጠራው ሆን ብዬ ነው። ባለፈው ዓመት አርፋ፣ ቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ «ለወንድሟ ልጆች እንደ እናት የነበረች» ተባለ። ከወንድሟ ልጆች አንዷ እኔ ነኝ፤ እዚያው ቆሜ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ከቀብር መልስ ባደርኩበት ሆቴል ቁም ሣጥኑን ስከፍት የብል መድኃኒት ሸተተኝ፤ እነዚያ ልብስ መሃል የሚጣሉት ነጫጭ ክብ ኪኒኖች። ካፖርቴን ሳልሰቅል ዘጋሁት። ያ ሽታ የእማዬ ሣጥን ሽታ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ደግሞ የገነት ቢጫ ቀሚስ ነበር።

ገነት ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ትማር ነበር። ለበዓል ስትመጣ ከአውቶቡስ የምትወርደው ያንን ቀሚስ ለብሳ ነው። ቢጫ ትሬቪራ ጨርቅ፣ ክብ ነጭ ኮሌታ፣ ከአንገት እስከ ታች የተደረደሩ ትልልቅ ነጭ ቁልፎች፣ ርዝመቱ ከጉልበት በላይ የሚቀር። እማዬ መጀመሪያ ያየችው ቀን ዙሪያዋን ዞረቻት።

«ልጄ፣ ጨርቁ አልቆባቸው ነው?»

«ሞዱ ነው፣ እማዬ።»

«ይሁን። የደባርቅ ብርድ ግን ሞድ አያውቅም» አለችና ጋቢ ጣለችባት።

ፀጉሯ አፍሮ ነበር። በራችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ስትገባና ስትወጣ ፀጉሯ መቃኑን ይጠርጋል፤ እሷ ግን ጎንበስ አልልም ትላለች። እማዬ ያንን ፀጉር ለማበጠር ስትታገል ሁለቱም እየሳቁ መሬት ይቀመጡ ነበር።

በመጨረሻ የመጣች ጊዜ ቀሚሱን አውልቃ አጣጠፈችና ለእማዬ ሰጠቻት። «እስክመለስ አስቀምጪልኝ» አለች። የእማዬን አሮጌ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ጎንደር ተይዛለች ያለ አለ፤ ወደ ቆላ ወርዳለች ያለ አለ፤ ሱዳን ገብታለች ያለም አለ። በዓይኔ አየሁ የሚል ግን አልነበረም።

እማዬ ገብስ ነጋዴ ነበረች። በገበያ ቀን ከበየዳ በበቅሎ ጭነው ከሚመጡት ተቀብላ ትሸጣለች። ከቆላ የወጣ ሰው ስታይ የምትሰፍርበትን ቁና መሬት ታስቀምጥና «አንዲት ረዘም ያለች፣ ፀጉሯ የበዛ ልጅ አላጋጠመቻችሁም?» ትላለች። የለም ሲሏት ቁናዋን አንስታ መስፈሯን ትቀጥላለች። አላለቀሰችም፤ ጥቁር አልለበሰችም፤ ፀጉሯንም አልተላጨችም። እርጥበት ከሚገባበት ከክረምቱ በቀር ሣጥኑን እየከፈተች ቀሚሱን ታየዋለች፤ ኪኒኑ ሲያልቅ በሌላ ትተካዋለች። ያ ነበር ሥራዋ።

ዘውዲቱ ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አዛዥ እሷ ነበረች። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበርም ነበረች፤ ካኪ ለብሳ፣ የአዳራሹን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከላይ የመጡት ሰዎች «ያቺ የወንድምሽ ልጅ የት ደረሰች?» ይሏታል። የሞተ ሰው የት ደረሰ ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሳይሞት የጠፋው ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት እማዬ ገበያ ወጥታ ሳለ ዘውዲቱ መጣች። በሩን ስትከፍት ጉሙ አብሯት ገባ። እንደምን አደርሽም ሳትለኝ ሣጥኑን ከፈተች፤ ከዘመድ የሚቆለፍ ሣጥን አልነበረንም። ቢጫውን ቀሚስ አወጣችና በጆንያ ጠቀለለችው።

«ትርንጎ፣ አሻንጉሊት ትወጃለሽ?»

«እወዳለሁ።»

«እንግዲያው ይህን ለእትዬ አልጣሽ አድርሺ። እናቴ ናት የላከችኝ በዪ።»

«እማዬ አልላከችኝም እኮ።»

«ለእንቁጣጣሽ ነው። ለእናትሽ ድንገት ነው የምናሳያት። አፍሽ ካመለጠ አሻንጉሊቱ ይቀራል።»

ልብ በሉ። እሷ ራሷ ብትወስደው እትዬ አልጣሽ እንደማይቀበሏት ታውቃለች። ስለዚህ ልጅ አሸከመች። ያን ጊዜ የእኔ ቢጤ ልጅ አሻንጉሊት የምትለው ሁለት እንጨት አጣምራ ጨርቅ የጠቀለለችበትን ነበር። የእትዬ አልጣሽን አሻንጉሊቶች ግን በወሬ የማታውቅ ልጅ ደባርቅ ውስጥ አልነበረችም፤ ጫማ አላቸው ይባላል፣ ዚፕ አላቸው ይባላል። በዝናብ ውስጥ ጆንያውን ታቅፌ እየሮጥኩ ሄድኩ።

እትዬ አልጣሽ ከጎንደር የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ለሹማምንት ሚስቶች ይሰፉ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት በስፌት ማኅበሩ ካኪ ይሰፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአውራ ጎዳናው በታች ባለችው ክፍላቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው በእጃቸው ይሠራሉ። «መኪና ለካኪ ነው» ይሉ ነበር፤ «የአሻንጉሊት እጅጌ ብታስገቢበት ይበላዋል።»

ጆንያውን ፈተው ቀሚሱን አዩ። ቁልፎቹን በአውራ ጣታቸው ዳበሷቸው።

«ይህን ማን ላከው?»

«እማዬ።»

«ራሷ?»

«አዎ።»

«ይህን ኮሌታ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አልለካ ብላኝ ነበር። ስትስቅ።»

«ገነትን ያውቋታል?»

መቀሳቸውን አነሱና ሳይቆርጡ መልሰው አስቀመጡት። «እናትሽ ከላከች እንግዲህ እውነት ነው» አሉ። «ነገ ነይ። ተቀምጦ ማየት የለም፤ እጅሽ ሥራ ይልመድ።»

እውነቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ነገ ነይ መባሌ በቃኝ።

ያን ክረምት እማዬ እትዬ አልጣሽ ዘንድ ስፌት እየተማርኩ መሆኑን ብቻ ነው የምታውቀው፤ ደስ ብሏታል። ሱፍ አጠብኩ። የአሻንጉሊቶቹ አካል ከአቡጀዲ ይሰፋና በታጠበ የበግ ሱፍ ይሞላል። ገለባ ቢሞላስ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ገለባ ይንኮሻኮሻል፤ ሰው አይንኮሻኮሽም» አሉኝ። መርፌ ላይ ክር አስገባሁላቸው፤ ቅርብ ያለው አይታያቸውም ነበርና። ቀጥሎ ገበር መስፋት አስተማሩኝ። መጀመሪያ የሰፋሁትን አይተው ዓይኔ እያየ ተረተሩት።

«ማን ያየዋል፣ እትዬ? ከውስጥ ነው እኮ።»

«ልብስ የሚያረጀው ከውስጥ ነው። እንደገና።»

መደርደሪያው ላይ ያሉት አሻንጉሊቶች አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። አንዷ ጥቁር ሚኒ ቀሚስና እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ቡት ነበራት፤ ቡቱ ከአሮጌ የእጅ ቦርሳ የተቆረጠ ነው። አንዷ ሽንሽን ጉርድ፣ የዳንቴል ሸሚዝ፣ ተረከዙ ካለቀ የክር ማጠንጠኛ የተጠረበ ጫማ። አንደኛዋ ረጅም ከፋይ ካባ ለብሳ አንገቷ ላይ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ንቅሳት አላት። ዓይኖቻቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይን ሰፋፊ ናቸው። ወንዶችም ነበሩ፤ ይህ ገርሞኛል። ታች እንደ ጃንጥላ የሚከፈት ቦላሌ ሱሪ፣ ምላሱ እስከ ትከሻ የሚደርስ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ። ከተማው ውስጥ እንዲህ የሚለብስ ሰው አልቀረም፤ ሁሉም ካኪ ነው።

«ይሄ የከረመ ሞድ አይደለም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሞድ ይከርማል። ተመልሶም ይመጣል።» ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካኪም ይከርማል። እሱ ግን አይመለስም።»

ከሰዓት በኋላ ሴቶች ይመጡ ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ብብታቸው ሥር ጥቅል ይዘው። ጥቅሉ ውስጥ ሸሚዝ አለ፣ ሱሪ አለ፣ ቀሚስ አለ። ለልጆቻቸው አሻንጉሊት የሚያሠሩ መስሎኝ ነበር። ስለ ልብሱ ሲጨቃጨቁ መስማት ደስ ይለኛል።

የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ የምንላት ነበረች፤ ዱቄት ከቅንድቧ የማይጠፋ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ቦላሌ ሱሪ አመጣች።

«ትከሻውን ሰፋ ያድርጉለት፣ እትዬ አልጣሽ። ኩሩ ነበር።»

«ካሰፋሁት ሸሚዙ አይበቃም።»

«ይጥበበው፤ ለነገሩ ጠባብ ነው የሚወደው። ደግሞ መነጽር ነበረው፣ ጥቁር። ቤት ውስጥ ሳይቀር አድርጎት ይሄዳል፤ ምሰሶ ሲገጨው ነው የምንሰማው።»

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ አልጣሽ ከፎቶ ቤት ከተጣለ ጥቁር ፊልም መነጽር ሠሩለት። ሴትዮዋ መነጽሩን ስታይ ሳቋን አቆመችና ዓይኗን ጠረገች። ቤቱ በሱፍ ብናኝ የተሞላ ስለሆነ ብናኝ የገባባት መሰለኝ። ሁሉም ሴቶች መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ሁልጊዜ ብናኝ ነው ብዬ ነበር የማስበው። መስኮቱን እከፍትላቸው ነበር።

ፀጉር የሚተከለው በመጨረሻ ነው። የተበጠረ የጥቁር ጠቦት ሱፍ አለ፤ እሱን በመርፌ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ጭንቅላቱ ላይ መስፋት ነው። ይህን እትዬ አልጣሽ በጭራሽ አይሠሩም። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ያን ቀን ስትመጣ መርፌውንና ሱፉን ሰጧትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሴትዮዋ የወንዱን አሻንጉሊት ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ተከለችለት። ሲያልቅ በመዳፏ አስተካከለችው። ከዚያ አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እንደተከፈተ ቆየ።

«ወጋሽ?» አልኳት።

«አዎ፣ ልጄ» አለች። «ወጋኝ።»

ከሄደች በኋላ እትዬ አልጣሽን ለምን ራስዎ አይተክሉም አልኳቸው።

«እኔ ልብስ ነው የምሰፋው። ፀጉር የእናት ነው። እናት ካልተከለች ሥራው አላለቀም፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ አሻንጉሊት ብቻ ነው።»

አሻንጉሊት ብቻ ከሆነ ታዲያ ምን ይጎድለዋል ብዬ አሰብኩ።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ይህ ነበር። በአገራችን ሬሳው ያልተገኘ ሰው ሲለቀስለት ልብሱ ይወጣል፤ ልብሱን ያለበሱት አምሳል ይቆምና ለቅሶተኛ በዚያ ዙሪያ ያለቅሳል። ለእነዚያ ልጆች ግን ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን የለም፣ አምሳል ማቆም የለም፣ ተዝካር የለም። እትዬ አልጣሽ ታዲያ አምሳሉን አሳንሰው ሣጥን ውስጥ የሚገባ አደረጉት። ልጁ መጨረሻ የለበሰውን ያለብሱታል፣ በራሱ ሞድ፣ በራሱ ጨርቅ። እናትየዋ ፀጉሩን የተከለች ቀን ልጄ ሞቷል ብላ ተቀበለች ማለት ነው። ያ ቀን የቀብሩ ቀን ነው። አንድም ልጅ በእነዚያ አሻንጉሊቶች ስትጫወት ያላየሁት ለዚህ ነበር።

የእኔዋ በነሐሴ መጨረሻ ደረሰች። የእኔ ነበር የምላት። ቢጫ ቀሚስ፣ ክብ ነጭ ኮሌታ፣ እትዬ አልጣሽ ከአጥንት ፍቀው አሳንሰው የሠሯቸው ቁልፎች። ገበሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከብዙ መተርተር በኋላ «ይሁን» ተብሎልኛል። የቀራት ፀጉር ብቻ ነው። እትዬ አልጣሽ በየቀኑ «እናትሽ መቼ ትመጣለች?» ይሉኛል። እኔ ለእንቁጣጣሽ እላለሁ። ቅር ይላቸዋል።

ከእማዬ በፊት ዘውዲቱ መጣች። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራገፈች።

«ጓድ አልጣሽ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና። ጓድሽ ግን አይደለሁም፤ ጓደኛዬ እናትሽ ነበረች።»

«አሻንጉሊቷን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«አላለቀችም። ፀጉር ይቀራታል። እናትየዋ ትምጣ።»

«አሟታል፣ ከአልጋ አትነሳም። እርስዎ ይጨርሱት። ያው አፍሮ ነው፤ ሹሩባ አይደል።»

«አፍሮስ ፀጉር አይደለም?»

«ለአንድ እፍኝ ሱፍ ይህን ያህል?»

«እፍኝ ሱፍ ከሆነ አንቺው ትከዪላት» አሉና መርፌውን ዘረጉላት። ዘውዲቱ እጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። በዓይኔ አይቻለሁ። የማታምንበት ቢሆን ኖሮ መርፌውን ትቀበል ነበር።

ከዚያ መደርደሪያውን በዓይኗ ቃኘችው። «ይህ ሁሉ የድሮ ሥርዓት ልብስ በየሰዉ ሣጥን እየገባ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶን ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ዝም ያስባልኩት። እስካሁን።»

እትዬ አልጣሽ ከሚኒ ለባሿ እስከ ባለ መነጽሩ ድረስ አሻንጉሊቶቹን አዩ። የእሳቸው ብቻ አይደሉም፤ የስንት እናት ናቸው። ነጭ ሻሽ ቆረጡና የእኔዋን መላጣ ጭንቅላት ሸፍነው አሰሩት።

«ውሰጃት። ፀጉሯን ግን አልነካም።»

እንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እማዬ ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ሳለ፣ ዘውዲቱ የሰፈሩን ሴቶች ቤታችን ሰበሰበች። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮም ነበረች። መደቡ ላይ ነጭ ነጠላ ተነጠፈ፤ አሻንጉሊቷን በላዩ አስተኛቻት። እኔ እግሬን ታጥቤ፣ ፀጉሬን ተቀብቼ ጥግ ቆሜያለሁ። የተነገረኝ ቀን መጣ ብዬ ልቤ ይመታል።

«እህቶቼ፣ ድምፅ እንዳይወጣ» አለች ዘውዲቱ። «እማማ አየለች፣ እባክዎ፣ እርስዎ ይረሳሉ። በሩም ይዘጋ።»

እማዬ እንዳትሰማ ነው ብዬ እኔም ትንፋሼን ዋጥኩ።

እማዬ ዝናብ የጠገበ ነጠላዋን እያራገፈች ገባች። ሴቶቹን አየች፤ መደቡን አየች። ማንንም ሳታናግር ወደ ሣጥኑ ሄደች፤ ከፈተችው፤ እጇን አስገብታ እስከ ታች ዳበሰች። ሣጥኑን ዘጋችና ተመለሰች። አንዷ ሴት ደረቷን መምታት ጀምራ ነበር፤ ሌሎቹ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

እማዬ አሻንጉሊቷን አነሳቻት። ሻሹን ፈታችው።

«ፀጉር የላትም» አለች የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ቀስ ብላ። ደረቷን ትመታ የነበረችው እጇን አወረደች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ አላወቅኩም እንጂ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሣጥናቸው ውስጥ ፀጉሩን ራሳቸው የተከሉለት ነበራቸው።

«አልተጨረሰችም እኮ» አልኩ እኔ። ሥራው እንዳይሰደብ ብዬ ነው። «ፀጉሯን እማዬ ናት የምትተክልላት። እትዬ አልጣሽ እንዲያ ብለዋል።»

«ዝም በይ አንቺ» አለች ዘውዲቱ።

የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ወደ እሷ ዞረች። «ዘውዲቱ፣ እናትየዋ አታውቅም እንዴ?»

«ለእሷው ብዬ ነው። እስከ መቼ ቁና ይዛ መንገደኛ ትጠይቅ? ቁርጧን አውቃ ትረፍ።»

«ማነው ሞታለች ያለሽ?» አለች እማዬ። ድምፅዋ የገበያ ድምፅዋ ነበር፤ ዋጋ ስትጠይቅ የምትናገርበት። «ያየ አለ?»

«ያየ የለም። ግን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም።»

ዘውዲቱ ከካኪ ኪሷ ጥቁር ሱፍና መርፌ አወጣች። ይዛው መጥታለች። «እንኪ። ትከዪላትና ይውጣልሽ።»

እማዬ እጆቿን ብብቷ ሥር ከተተች። «እኔ አልተክልም» አለች። «የልጄ ፀጉር ራሷ ላይ ነው።»

የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካክላ እማዬን ትከሻዋ ላይ ሳመቻት። «ይቅር በይን፣ እኛ አንቺ የጠራሽን መስሎን ነው» ብላ ወጣች። ሌሎቹም እየሳሟት ተከትለው ወጡ። እማማ አየለች በመጨረሻ ሲወጡ፣ «በሕይወት ላለች ልጅ ደረቴን አስመታሽኝ» አሏት ዘውዲቱን፤ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ በእውነትም ይረሱ ነበርና ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ዘውዲቱ ሱፉን ይዛ ቀረች። «ለእናንተ ብዬ ነው» አለች። «አንድ ቀን ይገባችኋል።»

«ትርንጎ፣ በሩን ክፈቺላት» አለች እማዬ።

ዘውዲቱ ስትሄድ እማዬ አስቀምጣኝ ነገሩን ሁሉ አስረዳችኝ፤ አሻንጉሊቶቹ ምን እንደሆኑ፣ ሴቶቹ ለምን እንደመጡ። አልተቆጣችኝም። አሻንጉሊቷን አየኋት። ክረምቱን ሙሉ ሳጥብላት፣ ስሰፋላት የቆየሁት የእህቴን መቅበሪያ ነበር። ለዚህ ነው ዘውዲቱን ይቅር የማልላት። ለእማዬ ያደረገችውን እማዬ ትቁጠረው። ለእኔ ግን የመጀመሪያ ሥራዬን፣ እትዬ አልጣሽ «ይሁን» ያሉትን ገበር፣ መግነዝ አደረገችብኝ።

ገነት አልሞተችም። ሱዳን ነበረች። ይህን ያወቅነው ቆይቶ ነው፤ ታሪኩም የእሷ ስለሆነ አልነግረውም። ሞታ ቢሆን ኖሮም የዘውዲቱ በደል አይቀንስም። ያን ቀን አታውቅም ነበር፤ አለማወቋንም ታውቅ ነበር።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሴት ልጅ ሁሉ አበባ ለመልቀም ወደ ቡይት ራስ መንገድ ስትሮጥ፣ እኔ አሻንጉሊቷን ይዤ ወደ እትዬ አልጣሽ ሄድኩ። መላጣዋን እንዳዩ ወዲያው የገባቸው መሰለኝ፤ ምን ሆነች አላሉኝም።

«ይፍቱልኝ» አልኳቸው።

«የሰፋሁትን ፈትቼ አላውቅም።»

«የእኔን ሲተረትሩ ነው የከረሙት።»

ሳቅ አሉ። ጠጋ በይ ብለው ምላጩን ሰጡኝ። እኔ ገበሩን፣ እሳቸው ላዩን ፈታን። ሱፉ ወጣ፤ አካሉ ቁራጭ አቡጀዲ ሆነ። ቢጫዎቹን ቁርጥራጮች ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እንደ ካርታ አዩዋቸው። ከዚያ ተነስተው ከራሳቸው ሣጥን የቀሚሱን ቀሪ አወጡ። መሃሉ እንዳለ ነው። የቆረጡት ከታቹ፣ ከኮሌታው ጫፍና ከእጅጌው ብቻ ነበር።

«እናትሽ ስትቀር ልቤ ጠረጠረ» አሉ። «መሃሉን መንካት እጄ እንቢ አለኝ።»

እማዬ ቆየት ብላ መጣች። ከራሷ ቀሚስ ጠርዝ የቀደደችው ነጭ ጨርቅ ይዛለች። የተቆረጠው ሲገጣጠም እንደማይበቃ ሳይነግሯት አውቃለች። እትዬ አልጣሽና እሷ ተያዩ፤ ከተያዩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

«ልኳን ከየት ላምጣ?» አሉ እትዬ አልጣሽ። «የድሮ ልኳ ነው ያለኝ።»

«ጎኑን ሰፋ ያድርጉት» አለች እማዬ። «አድጋለች።»

እትዬ አልጣሽ መርፌውን ለእኔ ሰጡኝ። ጎንና ጎኑ ላይ ነጩን ጨርቅ አስገባሁበት፣ እጅጌውን መለስኩ፣ ታቹን ቀጠልኩ። ከውስጥም ከውጭም በደንብ ሰፋሁት። ከጊዜው ሞድ ጋር አይሄድም፤ ከድሮውም ሞድ ጋር አይሄድም። እንደዚያ ያለ ቀሚስ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

በእንቁጣጣሽ ማግስት ዘውዲቱ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። እማዬ ውስጥ ነበረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የለችም አልኳት። ዳቦውን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ብዬ ጠርቻት አላውቅም።